የጎተራው ሰማይ

መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታ ነው። አዳራሹ የሚሸተው አዲስ ምንጣፍና ተማሪዎቹ የያዙት ብስኩት ነበር፤ እኔን ግን የደረቀ እበት፣ የገብስ እብቅና የቆየ ጭድ ሸተተኝ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ካላሳየችኝ ያስተናገደችኝ አይመስላትም። ያን ቀን ከልጅ ልጄ ጋር ጣሪያው እንደ ተደፋ ሳህን ወደ ሆነ፣ ሰማይ ወደሚታይበት አዳራሽ ወሰደችን። ወንበሩ ወደ ኋላ ስለሚተኛ "እዚህ ደግሞ እንቅልፍ ወስዶሽ እንዳታንኮራፊ" እያለች ስትቀልድብኝ ነበር። ከዚያ ጨለማው መሀል አንዲት ነጥብ በራች። ሌላም በራች። ጣሪያው ሞላ።

ማይክራፎን የያዘው ወጣት ስለ ርቀት ሲናገር ሰው ሁሉ ይገረማል። እኔ እንባዬ በጆሮዬ ላይ ሲወርድ ነው የታወቀኝ። "ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ ልጄ። "አይ፣ ይሄን ሰማይ ድሮ አይቼዋለሁ" አልኳት። "የት?" ብትለኝ "አባቴ ጎተራ ውስጥ" አልኳት። የጃጀሁ መሰላት መሰለኝ፣ እጄን ያዝ አደረገችኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

ቤታችን ወሎ፣ ቦረና ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ተረተሩ ላይ ነበር። አባቴ በደጉ ጊዜ አንድ ጎተራ ሠራ፤ ጭራሮ ጎንጉኖ፣ በጭቃና በእበት አስለስኖ፣ የሳር ክዳን ደፍቶ። ስፋቱ ጎልማሳ ሰው ውስጡ ገብቶ እጁን ቢዘረጋ ግድግዳውን አይነካውም። ጎረቤት "ይሄን ለመሙላት ቦረናን በሞላ ማረስ አለብህ" እያለ ይተርበው ነበር። እሱም እየሳቀ "ልጆቼ ይሞሉታል" ይላል። ልጁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንዱን ዓመት ዝናቡ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዘግይቶ መጥቶ፣ በረዶ አውርዶ፣ ቡቃያውን አጭዶት ሄደ። ጎተራው መጀመሪያ ድምፁ ተለወጠ፤ ስታንኳኳው እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። ቀጥሎ አይጦቹ ጥለውት ሄዱ። አንዱ በሬያችን ሞተ፣ ሌላው ከመሞቱ በፊት ተሸጠ። አባቴ አንድ ማለዳ ጋቢውን አጣፍቶ "ሥራ ካለ ሠርቼ፣ እህል ካለ ይዤ እመለሳለሁ" ብሎ በከላላ በኩል ወደ ደሴ ወጣ። ለእናቴ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ስለ ጎተራው ነበር። "ምስጥ እንዳይገባበት" አላት። ባዶውን ጎተራ።

ከብዙ ወራት በኋላ ጨው ይዞ ከከላላ የሚመጣ ነጋዴ ደሴ አጠገብ ኩታበር ላይ እርዳታ ከሚጠብቀው ሰው መካከል አየሁት አለን። እናቴ ልጓሙን ጨብጣ በቅሎውን አቆመችበት። "ደህና ነው?" አለችው። "ወላሂ በእግሩ ቁሞ ነው ያየሁት። አብሽሪ" አላት። ያ ቃል ስንቃችን ሆነ። እናቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጥ "በእግሩ ቁሞ" ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልመጣም።

ንጉሡ ወረዱ ሲባል የሰማነው ከተማ ገበያ ላይ ነው። መሬት ለአራሹ ተባለ። ከዚያ ካኪ የለበሱ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ፤ ዘማች እንላቸው ነበር። ወደኛ ሰፈር የደረሰው መነጽር ያደረገ፣ ጫማው እግሩን የላጠው ቀጭን ልጅ ነው። ቀን ፊደል ያስቆጥራል፣ ማታ ስለ ማኅበር ይሰብካል። ገበሬው ቃሉን ግማሹን አይሰማለትም፤ ግን ወደደው፣ ሲስቅ ከልቡ ስለሚስቅ። እናቴማ እግሩን በሞቀ ውሃ ካጠበችለት ቀን ጀምሮ የወለደችው ያህል ነበር የምታየው።

አንድ ቀን ለማኅበሩ ዘር የሚቀመጥበት ቦታ ሲፈልግ ጎተራችንን ልየው አለ። በታችኛው አፉ፣ እህል በሚወጣበት፣ እየዳኸ ገባ። ገብቶ ዝም አለ። እናቴ ጥቂት ጠብቃ "እባብ ነክሶት ይሆን እንዴ?" አለችኝ። ወዲያው ድምፁ ከውስጥ መጣ።

"እማማ! ይግቡ! ኧረ ይምጡና ይዩ!"

"ምን ሆነሃል ልጄ?"

"ሰማይ አለ እዚህ ውስጥ!"

"ፀሐይ መትቶት ነው" አለች እናቴ ወደኔ ዞራ። "ውሃ አምጪለት።"

ውሃውን ይዤ እኔም ዳሁ። ቀትር ነበር፤ ውጪው ፀሐይ ዓይን ያጠፋል፤ ውስጡ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። አባቴ ከሄደ ወዲህ ጎተራውን የለሰነው ሰው ስላልነበረ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በየስንጥቁ ብርሃን እንደ መርፌ ጫፍ ይገባል። እኔ ብሆን ኖሮ የማየው የተበላሸ ጎተራ ነበር። ዘማቹ ግን ጀርባውን ለመሬት ሰጥቶ ተንጋልሎ፣ በጣቱ እያመለከተ ይስቅ ነበር። አጠገቡ ተንጋለልኩ። ከረሀቡ ወዲህ ቆንጆ ነገር ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ የእናቴን ወስፌ ለመናት፤ ኮከቦቹን እንደ እውነተኛው ሰማይ አድርጎ ሊበሳቸው። እናቴ አሻፈረኝ አለች። "የሰው ጎተራ አይበሳም። ሰውየው ሲመጣ ምን እለዋለሁ?" አለችው። እሱም ግድግዳው እንደሆነ ተሰንጥቋል፣ እህል ከመግባቱ በፊት መለሰን አለበት ብሎ ተከራከረ። ባሕር ማዶ እንዲህ ያለ ቤት ተሠርቶ ሰው ከፍሎ እንደሚገባበትም ነገራት።

"ከፍሎ? ጎተራ ለመግባት?"

"አዎ፣ እማማ።"

እናቴ ሳቀች። በሳቋ መሀል ወስፌውን ሰጠችው። ማታ ሲያይ ያመሸውን ሰማይ ጠዋት መጥቶ ይወጋዋል። ሰባቱን ከዋክብት ከበላይ በኩል አደረጋቸው። በሰማይ ላይ እንደ ጭስ የተዘረጋውን ነጭ መንገድ ለመሥራት ብዙ ቀን ፈጀበት፤ ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ይደረድር ነበር። እኔ ከውጪ ቆሜ ወስፌው ብቅ ያለበትን ቦታ እጠርጋለሁ።

ወሬው ተሰማና ሰው ይመጣ ጀመር። ክርስቲያኑ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እስላሙ ዓርብ ከስግደት መልስ። ትልልቁን ሰው በእጁ ስበን ነበር የምናስገባው። የነፍስ አባታችን ቄሱ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን አውልቀው ዳኹ፤ አማትበው ረዥም ጊዜ ካዩ በኋላ ወገባቸውን እየያዙ ወጡ። አንድ ቀን ዘማቹ የሰማይን ስፋት ሊያስረዳን አንዲት ምስር አነሳ። "ምድራችን ይህችን ብታክል ፀሐይ የእማማን እንስራ ታክላለች" አለ። እንስራውን ጎተራው ሥር አስቀምጦ ምስሯን ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ ከታችኛው እርሻ ድንበር ላይ ቆመ። "በመካከል ምንም የለም!" ብሎ ጮኸ። ተመልሶም የሚቀጥለውን እንስራ፣ ማለትም ቅርብ የሚባለውን ኮከብ፣ ለማስቀመጥ ባሕር ተሻግሮ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ባሕር መሻገር እንደሚያስፈልግ ነገረን።

ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ሼህ ጢማቸውን እያሻሹ "ያ ሁሉ ባዶ ጦም ያድራል ማለት ነው? መንግሥት እሱንም ለአራሹ ቢያድለው ምን አለ!" አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ምስሯን ከዘማቹ እጅ ተቀብላ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ታያት ነበር።

"ልጄ፣ ኩታበር እዚህች ውስጥ ናት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ደሴም?"

"ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕሩም።"

"ከዚህች ወጥቶ የሚሄድ ሰው የለም?"

"ጨረቃ ላይ የወጡ አሉ" አለ ዘማቹ፤ ፊቷን አይቶ ግን ወዲያው "ከኛ አገር ሰው ማንም አልወጣም" አላት።

"ታዲያ ሩቅ አልሄደማ!" አለች እናቴ። ፊቷ በራ። እውነት እልሃለሁ፣ አባቴ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምስሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ዘማቹ እንባ የመጣበት መሰለኝ፤ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ያቺ ምስር በኋላ የት እንደገባች አላውቅም።

በአዳራሹ ውስጥ ያ ወጣት የሰማይን ስፋት ሲናገር የልጅ ልጄ "አያቴ፣ እኛ እንዲህ ትንሽ ነን?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ በዚያ ስፋት ፊት ያንሳል ይባላል። እናቴ ግን አላነሰችም። እሷ በስፋቱ ተጽናናች፤ ዓለም ካነሰች የጠፋ ሰው ቅርብ ነው ብላ። እኔ እስከ ዛሬ የሰማይን ርቀት የምለካው ከደጃችን እስከ ኩታበር ባለው መንገድ ነው፤ ከዚያ የሚረዝም መንገድ አላውቅም።

ችግሩ ግን ያ መጽናናት መጠንከሩ ነው። እናቴ በየቀኑ ጎተራው ውስጥ ገብታ መቀመጥ ለመደች። ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ እየመጣ ይጨቀጭቃት ነበር። "ከረሀቡ የተረፈው ሁሉ ተመልሷል። እርምሽን አውጪ። ካልተለቀሰለት፣ ተዝካሩ ካልወጣ፣ ነፍሱስ?" ይላታል። "በሕይወት ላለ ሰው ቢለቀስስ?" ትለዋለች እሷ። "በቁሙ መግደል አይደለም? አንተ በእህትህ እጅ ልታስገድለው ነው?" አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እኔ በሁለቱ መሀል ነበርኩ። አባቴ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ እናቴ በር በሩን ማየት እንድታቆምም እፈልጋለሁ። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ ይገባኝ ጀምሮ ነበር።

በክረምቱ ዘማቹ ወደ ሌላ ጣቢያ፣ ወደ ማሻ ተዛውሯል ተባለ። ሲሰናበተን እናቴ "እኔ ልሙትልህ" እያለች አገላብጣ ሳመችው። እሱንም ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በኋላ በከተማ ወጣቱ ላይ የደረሰውን ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው። መጠየቂያ ስሙን እንኳ በወጉ አልያዝነውም፤ ዘማቹ፣ ዘማቹ ስንል።

ክረምቱ ጥሩ ዘነበ። ገብሱ ዘለላውን አዘነበለ። ሊታጨድ ሲል አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ሰው ስለ አባቴ መጠየቅ አቆመ። ድሮ ምንጭ ስንወርድ "ወሬ የለም?" የማይለን አልነበረም። አሁን ሰላምታ ይሰጡንና ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳሉ። ሼሁ እንኳ ባዩን ቁጥር የሚሉትን "አብሽሩ" ተዉት። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ለባለቤቱ ሳይነግር መጠበቅ የኛ ሰው ወግ ነው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በወሬ መሀልም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በቤቷ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው።

አንድ ማለዳ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ሰዎች በተረተሩ ሲመጡ ታዩ። አጎቴ ከፊት ነው። ከኋላው ቄሱ፤ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መሆን የነበረባቸው ቄስ። ሼሁም አሉ። እናቴ ደጅ እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። መጥረጊያውን አስቀመጠች፤ ወደ ጎተራው ሄዳ በታችኛው አፍ ገባች።

እኔ ተከትያት ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ስላልወጣች አንድም ኮከብ የለም። ትንፋሽዋ ይሰማኛል። የአጎቴ ድምፅ ከውጪ መጣ።

"እህቴ፣ ውጪ እስቲ።"

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"እንዲሁ ልንጠይቅሽ ነው።"

"ተጠይቄያለሁ። ደህና ነኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ሳናይሽ አንሄድም" አሉ። እናቴ ካለችበት አልተነሳችም። ከጎተራ ውስጥ ጎትቶ የሚያወጣት ሰው አልነበረም፤ በግድግዳ በኩል መርዶ የሚጮህም አልነበረም። ወጉ አስሯቸው ውጪ ተቀመጡ። እኛ ውስጥ፣ እነሱ ውጪ እንደሆንን ፀሐይ ትወጣ ጀመር።

ሰማይ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ኮከብ ይጠፋል፤ በኛ ጎተራ ግን የሚበራው ያን ጊዜ ነው። በምሥራቅ በኩል መጀመሪያ ጥቂቶቹ ታዩ፤ ከዚያ ነጩ መንገድ፤ ከዚያ ሰባቱ ከዋክብት። እናቴ እጄን ይዛ ትመለከት ነበር። ቢሆንላት ቀኑን ሁሉ፣ ዕድሜዋን ሁሉ እዚያ ትቀመጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔም ብትቀመጥ አልጠላም ነበር፤ ወጥታ ከሰማች አባቴ እንደሚሞት ይሰማኝ ነበር።

የኮቴ ድምፅ በዛ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ነበር፤ ሴቶቹም ወንዶቹም። ቦታ ሲጠባቸው ወደ ጎተራው ተጠጉ። ያን ጊዜ ከታች በኩል ያሉት ኮከቦች ጠፉ። ጋቢና ነጠላ ሸፍኗቸው ነው። ሌላ ሰው መጣ፤ ከጎናቸው ያሉትም ጠፉ። አንድ ሰው ሲጨመር አንድ ወገን ይጨልማል፣ እንዲህ እያለ ዙሪያውን ሄደ። የታችኛው ሰማይ በሙሉ አለቀ፤ ከሰው ቁመት በላይ ያሉት ብቻ ቀሩ።

እናቴ እጄን ለቀቀችው።

"ለጥየቃ ይሄን ያህል ሰው አይመጣም" አለች፤ በጣም ቀስ ብላ።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሸረጠችው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚታሠረው አድርጋ። ከዚያ ዳኸች። እሷ ስትወጣ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸላትና ብርሃኑ ተመለሰ። "በሉ ንገሩኝ" ስትል ሰማኋት። አጎቴ ሲናገር ግን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ይዤ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት የሞተው ኩታበር ላይ ነው፤ በበሽታ ነው፤ የቀበረው የዚያው አገር ሰው ነው። ነጋዴው በእግሩ ቁሞ ካየው ብዙ ሳይቆይ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስንጠብቀው እሱ በሕይወት አልነበረም ማለት ነው። የእናቴን ለቅሶ ልነግርህ አልችልም። ሼሁ ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ ትዝ ይለኛል።

ለቅሶው አልቆ ገብሱ ታጨደ። አውድማው ላይ ከቁመቴ በላይ ተቆለለ፤ አባቴ ቢኖር ኖሮ የሚኮራበት ዓመት ነበር። እህሉ የሚገባበት ስላስፈለገ እናቴ ጭቃ አቦካች፤ ጭድና እበት ቀላቀለችበት። "አንቺ ግቢና ከውስጥ ሆነሽ ብርሃን የሚታይበትን ንገሪኝ" አለችኝ።

ገባሁ። እሷ ከውጪ ትለስናለች፣ እኔ ከውስጥ እናገራለሁ። "እዚህ ጋ" እላለሁ ግድግዳውን በጣቴ እየመታሁ፤ መዳፏ ከውጪ ጠፍ ይላል፤ ይጨልማል። "ከሱ በስተግራ።" ጠፍ። ሰባቱ ከዋክብት በአንድ መዳፍ ሄዱ። ነጩ መንገድ ብዙ ቆየብን፤ ዘማቹ በጣም አድቅቆት ስለነበር አለቀ ስንል ሌላ ይገኛል። የእርጥብ ጭቃው ሽታ ጎተራውን ሞላው። እየጨለመብኝ ሲሄድ የእናቴ እጅ የት እንዳለ የማውቀው በድምፁ ብቻ ሆነ።

"አለቀ?" አለችኝ።

ቀና አልኩ። "አንድ ቀርቷል።"

"የት?"

"ከላይ ነው። ከክዳኑ ሥር።"

እግሯ ሲንጠራራ፣ እጇ ግድግዳውን ሲፈልግ ሰማሁ። አልደረሰችም።

"እዚያማ እሱ ነበር የሚለስነው" አለች።

ሄደች። ሙቀጫውን እየጎተተች ስትመለስ ሰማሁ። ደፍታ ወጣችበት። ያቺ የቀረችው ብርሃን አንዴ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች።

"አሁንስ? ይታይሻል?"

"አሁን አይታየኝም" አልኳት።

ከሙቀጫው ስትወርድ ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልወረደችም። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ አፌን በቀሚሴ ይዤ ነበር፤ ሳለቅስ እንዳትሰማኝ።

"እማዬ፣ ልውጣ?" አልኳት በመጨረሻ።

"ትንሽ ቆይ" አለችኝ። "ትንሽ ቆይተሽ ውጪ፣ ልጄ።"